ማጥቆርና መጻፍ
ስለ ዓለም ጉዳዮች በእንግሊዝኛ በሚጻፉ የተማሪ ድርሰቶች ላይ የቀረበ ሂስ

በዚች በስቴንስል እየተባዛች በምትወጣ መጽሔታችን እስከ ዛሬ ሂስ የተጻፈባቸው ሥራዎች ሁሉ ደራሲያቸው የታወቀ ነው። ግጥም ከሆነ ገጣሚው አለ፤ አጭር ልብ ወለድ ከሆነ ጸሐፊው አለ፤ ሂሱ ካልጣመውም መኝታ ክፍላችን ድረስ መጥቶ የሚሟገት አይጠፋም። ዛሬ የምናነሣው ጽሑፍ ግን ደራሲ የለውም። ቢሆንም ከመካከላችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ይገኝ እንደሆነ እንጂ ይህን ጽሑፍ ያላነበበ፣ በቃሉም ያልያዘ አይገኝም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በደብተራችን ሲገለበጥ ኖሯል። በአጋዥ መጽሐፍ ታትሞ ይሸጣል። ስሙ «ሞዴል ኤሴይ» ነው።

እስቲ አቋሙን እንየው። «ናዋዴይስ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ «ዓለማችንን ከሚያሳስቧት አንገብጋቢ ጉዳዮች አንዱ» ይልና ባዶ ቦታ ይተዋል። በባዶው ቦታ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የሕዝብ ብዛት፣ ስደት፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ ድህነት፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይገባበታል። ከዚያ ሦስት መንስኤ፤ ከዚያ ሦስት ጉዳት፤ ከዚያ ሦስት መፍትሔ። ማሳረጊያው «ኢን ኮንክሉዥን» ሆኖ መንግሥት፣ ኅብረተሰቡና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲሠሩ ያሳስባል። እጅ ለእጅ ሳይያያዝ ያለቀ ድርሰት እስካሁን አላጋጠመንም።

ለዚህ ሂስ ስንዘጋጅ የራሳችንን የድሮ ደብተሮች፣ ላሊበላ የሚማሩ ታናናሾቻችን ያዋሱንንም ሰበሰብን፤ አንዳንዶቻችን የላስታ ልጆች ነንና። መጀመሪያ ያደረግነው ትንሽ ተንኮል ነው። ከአንዱ ድርሰት «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን እያወጣን «ስደት» የሚለውን ተካንበት። ጽሑፉ ከሁለት ቦታ በስተቀር ምንም አልተቃወመንም። መንስኤው የግንዛቤ እጥረት ነበር፤ አሁንም የግንዛቤ እጥረት ሆነ። መፍትሔው ትምህርት ነበር፤ አሁንም ትምህርት ሆነ። ቀጥለን «የትራፊክ አደጋ»ን ብናስገባበት ጭራሽ የተሻለ ገጠመ። ሳቅን፤ በኋላ ግን ድርሰቱ የአንዳችን መሆኑ ሲታወቅ ሳቁ ቀነሰ።

የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ጉድለት ሰው የሌለበት መሆኑ ነው። «ደን ይጨፈጨፋል» ይላል፤ ማን ጨፈጨፈው? ምን ሊያበስልበት? «ወጣቶች ይሰደዳሉ» ይላል። የወሎ ልጅ በጂቡቲ አድርጎ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት ምን እንደሚከፍል፣ ለደላላው ገንዘቡን ማን እንደሚያበድረው፣ በመንገድ ላይ ሲያዝ ቤተ ሰቡ ምን እንደሚሸጥ የማያውቅ ተማሪ በክፍላችን አልነበረም። ከእኛው መካከል ወንድሙ የሄደበት ነበር። ስለ ስደት ጻፍ ሲባል ግን «ገፊና ሳቢ ምክንያቶች» ብሎ ሦስት ሦስት ደረደረ። ወንድሙ ድርሰቱ ውስጥ የለም።

ስለ ጦርነትም እንዲሁ ነው። ላሊበላ ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ የቆየች ከተማ ናት። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት በክልሉ ተከትሎ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በዚያ መካከል የተጻፈ አንድ ደብተር በእጃችን አለ፤ ርእሱ «የሰላም ጥቅም ለዓለም» ይላል፤ ጥቅሞቹም ሦስት ናቸው። ፍርሃትም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ባዶ ቃል መጠለያ ነው። ይህን ደብተር ስለዚህ አንሔሰውም።

ወደ አየር ንብረት እንመለስ፤ ነገሩ የጎላው እዚያ ላይ ነው። ካየናቸው ድርሰቶች አብዛኞቹ የዋልታ በረዶ መቅለጡን፣ የባሕር ወለል ከፍ ማለቱንና የነጭ ድብ መጥፋትን ይጠቅሳሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሳይንሱን አንክድም። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ ባሕር አይተው አያውቁም። የሚያውቁት ውኃ ከላስታ ተራሮች የሚነሣውን ተከዜን ነው፤ እሱም በበጋ በእግር የሚሻገሩት ነው። ከከተማው በላይ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍ ቆሟል። እዚያ ላይ ነጭ ድብ የለም፤ ቁጥሩ የተመናመነው ቀይ ቀበሮ ግን አለ፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የማይገኝ አውሬ ነው። አንድም ድርሰት አላነሣውም። ጉዳዩ «ዓለም አቀፍ» የሚሆነው ሩቅ ሲሆን ብቻ ነው የተባለ ይመስላል። ላስታ ከዓለም ውጭ ናት እንዴ?

አንድ ደብተር ግን ነበር። የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። ድርሰቱ እንደ ሌሎቹ በ«ናዋዴይስ» ይጀምርና፣ በረዶውን አቅልጦ፣ ባሕሩን ከፍ አድርጎ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ድንገት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው እንዲህ ይላል፦ «አባቴ በልጉ ቀረ ብሎ በሬውን ቅዳሜ ገበያ ሸጠ። በሬው ከተሸጠ በኋላ ዘነበ።» ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል። ዳር ላይ «ከርእስ ውጭ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ድርሰቱ ወደ ሦስቱ መፍትሔዎች ተመልሶ እጅ ለእጅ ተያይዞ ያልቃል።

በሥነ ጽሑፍ ክፍል ስለ ይዘትና ቅርፅ ብዙ ሰምተናል። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ትንሽ እንቆይ። በላስታ ደጋ ገበሬው የበልግን ዝናብ ተማምኖ ገብስ ይዘራል። ዝናቡ እንደ ድሮው በወቅቱ ሲመጣ ስሌቱ ይሠራል፤ ሲዘገይ ግን ገበሬው መወሰን አለበት። ይጠብቅ ወይስ ያለውን ሸጦ እህል ይግዛ? ቢጠብቅ የሚበላው የለም፤ ቢሸጥ የሚያርስበት የለም። ልጁ ይህን ሁሉ «ተለዋዋጭ የዝናብ ሥርጭት» ብሎ አልጻፈውም። «ከተሸጠ በኋላ ዘነበ» አለ። የአየር ንብረት ለውጥ ዝናብ ማጣት ብቻ አለመሆኑ፣ ይልቁንም ዝናብን ማመን አለመቻል መሆኑ በዚች ውስጥ አለ። አጋዥ መጽሐፉ ይህን አያውቀውም፤ ልጁ ያውቃል። ደግሞ ምንም አልተማረረም፤ «ወዮ» አላለም፤ ነገሩን ነገረና ዝም አለ። ከትልልቆቹ ደራሲዎቻችንም ይህን ዝምታ የሚችሉት ጥቂት ናቸው።

እንግሊዝኛውስ? እውነቱን እንናገር፤ እንግሊዝኛው ደካማ ነው። ግሡ አንዱ ጋ ኃላፊ፣ ሌላው ጋ የአሁን ጊዜ ነው። አርቲክሎቹ ጠፍተዋል። በሬ የሚለው ቃል ራሱ ፊደሉ ተሳስቷል። ከላይ ያለው የበረዶና የባሕር አንቀጽ ግን አንድም ስሕተት የለበትም፤ ስሕተት የሌለበትም የልጁ ስላልሆነ ነው። እርማቱን የሠሩት መምህርም ክፉ ሰው አይመስሉንም። ስድሳና ሰባ ደብተር የሚያርም ሰው ፊት ትክክለኛ አንቀጽና የተሳሳተ አንቀጽ ቢቀርብለት የትኛውን እንደሚሰርዝ ይገባናል። መምህሩም በዚሁ መንገድ ነው ተምረው የመጡት። ከዚያም በላይ፣ ልጆቹን የሚያዘጋጁት መጻፍ ለማይጠይቅ ፈተና ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛው ወረቀት የጽሕፈት ችሎታን ይመዝናል ይባላል፤ የሚመዝነው ግን በምርጫ ነው። የተዘበራረቁ አራት ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡሃል፤ ቅደም ተከተላቸውን ትመርጣለህ። የአንቀጹ መሪ ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው? ትመርጣለህ። ነጠላ ሰረዙ የት ይግባ? ትመርጣለህ። ዓረፍተ ነገሮቹ ስለ ደን መራቆት ወይም ስለ ከተሞች መስፋፋት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለ ምን እንደሆኑ ማወቅህ ግን ግዴታ አይደለም፤ «ስለዚህ» የሚለው ቃል የት እንዳለ ካየህ በቂ ነው። በእርሳስ ታጠቁራለህ፤ ከ2016 ወዲህ በኮምፒዩተር የሚፈተነው ደግሞ ይጫናል። አንድ ተማሪ ከራሱ ጭንቅላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳያወጣ «መጻፍ ይችላል» ተብሎ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርስ ላይ ነጭ ወረቀት ሲሰጠው ደግሞ ይደነግጣል። እኛም ደንግጠናል።

ለምን በምርጫ ሆነ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተፈታኙ በመቶ ሺህዎች ይቆጠራል፤ ምርጫን መኪና ያርመዋል፤ ድርሰትን ሰው ነው የሚያርመው። ሰው ደግሞ ያደላል፣ ይደክማል፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ነገር ግን በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና የእንግሊዝኛው ሦስተኛ ወረቀት ድርሰት ያስጽፋል። በቻይና በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተፈታኝ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ሰው ቁጭ ብሎ ያርማል። የእኛው መኪናም ቢሆን ከነውር አላዳነንም። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ መላው ብሔራዊ ፈተና እንደተሰረዘና እንደገና እንደተሰጠ እናስታውሳለን። የ«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ሰልፍ በአንድ መልእክት ይተላለፋል፤ የድርሰት ርእስም ሊሾልክ ይችል ይሆናል፤ ድርሰቱን ግን አሁንም መጻፍ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተዛወረ። በጥቅምት 2015 ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2016 ቁጥሩ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ደረሰ። ይህ የሁሉም ትምህርት ድምር ነውና በእንግሊዝኛ ብቻ አናሳብብም። ሆኖም በ1986ቱ ፖሊሲ መሠረት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን ማን ይረሳል? የላስታው ልጅ በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ሲማር ቆይቶ ኋላ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በማያስብበት ቋንቋ ይሆንበታል። ሲጨንቀው መሸምደዱ አይገርምም።

ይህን ሂስ ለመጻፍ ስንሰበሰብ ከመካከላችን አንዱ አጥብቆ ተቃወመን። ክርክሩን ሳናሳንስ እናቅርበው። «እናንተ» አለ «የሸመደዳችሁትን ተሳፍራችሁ እዚህ ከደረሳችሁ በኋላ መሸምደድን ታወግዛላችሁ። ቤቱ እንግሊዝኛ የማይነገርበት ልጅ ከምን ተነሥቶ የራሱን ይጻፍ? አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ያደገው ልጅ ‹የራስህን ጻፍ› ሲባል ይጽፋል፤ ቋንቋው በእጁ ነው። የኛ ልጅ ግን ያቺን የተሸመደደች አንቀጽ ከነጠቃችሁት ባዶ እጁን ይቀራል። ምርጫ በመሆኑም እድለኛ ነው፤ ቢያንስ መኪና አጻጻፉን አይንቅበትም።» ዝም አልን። የሚባል ነገር ጠፋ።

መልስ ያገኘነው ከቅርብ ቦታ ነው። ከላስታ ጎን ዋድላ አለ። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የቅኔ ቤት ስም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የቅኔ ተማሪም የሚማረው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ግእዝ የሚነገርበት ቤት የለም። እሱም ድሃ ነው፤ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማር። መምህሩ ሲዘርፉ ይሰማል፤ የሰማውን ይይዛል፤ ግሥ ይወርዳል፤ ሽምደዳው ከኛም ይብሳል። ነገር ግን ከመጀመሪያዋ ደረጃ፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ብቻውን ሄዶ ይቆጥርና የራሱን ይዞ ለነገራ ይቀርባል። ግእዙ ቢሰበር መምህሩ ያቃናሉ፤ የሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ ግን ያፍራል። ተማሪው መወድስ እስኪደርስ አይጠበቅም፤ የሚያውቃት ቃል ሃያ ብትሆን በሃያዋ ነው የሚቆጥረው። የኛ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ነገሩን ገልብጦታል፤ ስብራትን ይቀጣል፤ የሰውን ይዞ መምጣትን ይሸልማል። ተቃዋሚያችን ይህን ሲሰማ «የቅኔ ቤቱ መምህር ሰባ ደብተር አያርሙም» አለ። ልክ ነው። ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም፤ እኛም አሸንፈናል አንልም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የሚያንገበግበንም እሱ ነው። ወሎ ራሷ «ዓለም አቀፍ ጉዳይ» ሆና ታውቃለች። በ1966 የረሃብ ዘመን ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ያዘጋጀው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። በጥቅምት 1977 ቢ.ቢ.ሲ. ከቆረም ያሳየው ዘገባ፣ ማይክል በርክ የተናገረው፣ መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ከዓለም ዳር እስከ ዳር ታየ፤ ዘፋኞች ተሰብስበው እስከ መዝፈን ደረሱ። በዚያ ዘገባ ውስጥ ሰዓቱ አለ፣ ብርዱ አለ፣ ሜዳው አለ። የሩቅ አገር ሰው ስለ እኛ ሲጽፍ ዓይኑ ያየውን ጻፈ፤ የእኛ ልጅ ስለ ረሃብ ሲጽፍ ግን «የምግብ ዋስትና እጦት» ብሎ አለፈ። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ፣ የሚያምነኝ የለም ብሎ ስለ ፈራ መጻፉን እስከ መተው ደርሷል። ያየኸውን ለማያይ ሰው ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ የተረዳ ሰው ነበር።

ይህን ችግር ላሊበላ ውስጥ በየቀኑ የሚፈቱ ልጆችም አሉ። ቱሪስት ሲኖር፣ የኮሮናው 2012 እና ጦርነቱ ሆቴሉን ሁሉ ከማራገፋቸው በፊት እንደነበረው፣ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ለፈረንጅ የሚያስረዳ ልጅ አይጠፋም ነበር። አለቱ ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደተፈለፈለ፣ ውኃው በየት እንደሚወርድ፣ አሥራ አንዱ ለምን በሦስት እንደተከፈሉ፣ በእጁም በአፉም ይነግረዋል። ፈረንጁ ካልገባው መንገድ ለውጦ ይነግረዋል። ይህ ድርሰት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ያው ልጅ ክፍል ገብቶ «ስለ ቱሪዝም ጥቅም ጻፍ» ሲባል «የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል፣ የሥራ ዕድል ይፈጥራል፣ ገጽታ ይገነባል» ብሎ ይቀመጣል።

እንግዲህ ሂሳችን «ስለ መንደራችሁ ጻፉ» የሚል መፈክር ሆኖ እንዳይወሰድ እንሰጋለን። እሱም ሞዴል ኤሴይ አለው። ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያመለክቱ ጓደኞቻችን የሚገለብጡት ሌላ ዓይነት ድርሰት አይተናል፦ በባዶ እግሬ፣ በኩራዝ፣ ሦስት ሰዓት ተጉዤ፣ እናቴ አልቅሳ። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያደገ ልጅ ሳይቀር ሦስት ሰዓት ይጓዛል። ድህነትን ለሚገዛው በሚጥም መልኩ ቀቅሎ ማቅረብ በረዶ ከማቅለጥ አይሻልም። የበሬው ልጅ ያላደረገው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አላስለቀሰንም፤ ዝናቡን ነው ያሳየን።

ደብተሩን ስንመልስለት የተሰረዙት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጥሩ መሆናቸውን ነገርነው። አላመነንም። «ከርእስ ውጭ ነው ተብሏል» አለ። እስቲ ከዚያው ቀጥልበት አልነው፤ አብረነውም ተቀመጥን። መጀመሪያ የጠየቀን፣ በሬ በእንግሊዝኛ ሲበዛ እንዴት እንደሚሆን ነበር። እንደ ሌሎቹ ስሞች እንደማይበዛ፣ «ኦክስን» እንደሚባል ነገርነው። ለፈተና ይሆናል ብሎ ዳር ላይ ጻፈውና «የኛ ግን አንድ ነበር፤ በመቀናጆ ነው የምናርስ። አባቴ ሲሸጠው የጎረቤታችንም በሬ ብቻውን ቀረ፤ እሱም ሳያርስ ቀረ» አለ።

ይህንንም ጻፈው አልን። እስክሪብቶውን አነሣና መቀናጆ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠየቀን። ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተያየን። መዝገበ ቃላት አገላበጥን፤ አልሆነም። በመጨረሻ «አንድ በሬ ያለው ሰው፣ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር» ብሎ በራሱ ጀመረው፤ ግሡ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከኛም አንዱ ጎንበስ ብሎ አብሮት ይፈልግ ጀመር።